ለሞዴል ባቡር ከተማ መብራት አዘረጋግ

ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግተው፣ ዳር ዳሩን የፋሲል ግንብንና የፒያሳን ሕንፃዎች በካርቶን ሠርተው ላቆሙ የጎንደር ወጣቶች ቀጣዩ ሥራ መብራት ማስገባት ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው የመብራቱን ሽቦ ከሐዲዱ መጥለፍ ቢሆንም፣ ይህ አሠራር አይመከርም። በተለመደው የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) አሠራር የባቡሩ ፍጥነት የሚለወጠው የሐዲዱን ቮልቴጅ ከ0 እስከ 12 ከፍና ዝቅ በማድረግ፣ አቅጣጫው ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በማገላበጥ ስለሆነ፣ ባቡሩ ጣቢያ ሲደርስ ከተማው ይጨልማል፤ ወደ ኋላ ሲጓዝም ኤልኢዲዎቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍባቸው ብቻ የሚበሩት ትንንሽ መብራቶች፣ አይበሩም። ስለዚህ መብራቱ የራሱ የኃይል ምንጭ ያስፈልገዋል።

ለዚህ የ12 ቮልት ዲሲ አዳፕተር ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ግን በላዩ የተጻፈውን ብቻ ሳያምኑ በቴስተር መለካትና የትኛው ሽቦ ፖዘቲቭ እንደሆነ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የግድግዳው 220 ቮልት ከአዳፕተሩ አልፎ ወደ ጠረጴዛው በፍጹም መምጣት የለበትም።

ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል። ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ስለሚወስድ 9 ቮልት ይተርፋል፤ ይህን በኤልኢዲው እንዲያልፍ ለምንፈልገው 10 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ለ0.01 አምፔር ስናካፍለው 900 ኦም ስለሚመጣ፣ ከዚያ ከፍ ያለው የ1000 ኦም ሬዚስተር ይመረጣል፤ የሩብ ዋቱ በቂ ነው። ለሞዴል ቤት 10 ሚሊአምፔር እንዲያውም ይበዛል፤ የ2200 ኦም ሬዚስተር የሚሰጠው ደብዘዝ ያለ ብርሃን ለድሮ ሕንፃ ይበልጥ ያምራል። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ መሆኑ አይረሳ። በዚህ ስሌት 40 መብራቶች 0.4 አምፔር ገደማ ስለሚወስዱ የ1 አምፔር አዳፕተር ሳይጨነቅ ይችላቸዋል።

ከጠረጴዛው ሥር ወፈር ያሉ ሁለት ሽቦዎች፣ ቀይና ጥቁር፣ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጉ፤ ከእያንዳንዱ ቤት የሚወርዱት ቀጫጭን ሽቦዎች በእነዚህ ላይ ይበየዳሉ። መጋጠሚያው ሁሉ በናስትሮ ይሸፈን። በቀዩ ሽቦ መነሻ ላይ የ1 አምፔር ፊውዝ ማስገባት የግድ ነው፤ በተለይ መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ ለሚጠቀም ሰው፣ ሽቦ ሾርት ካደረገ ባትሪው የሚለቀው ኃይል ካርቶኑን ሊያነድ ይችላል። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ወደ 14 ቮልት ቢወጣም ከላይ የተጠቀሱት ሬዚስተሮች ይቋቋሙታል።

ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የሐዲድ መቀየሪያ ማግኔት ለቅጽበት ብዙ ኃይል ስለሚስብ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፤ የራሱ አዳፕተር ይኑረው።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው የሕንፃው ውስጥ ነው። ካርቶን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ግንቡ በሙሉ እንደ ፋኖስ ያበራል፤ ይህን ለማስቀረት የግድግዳው ውስጠኛ ገጽ አስቀድሞ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩ ነጭ ይደገምበታል። የፋሲል ግንብን አራት ክብ ማማዎች ለየብቻ በካርቶን መከለልና ሁሉንም አለማብራት ይበልጥ እውነተኛ ያስመስለዋል። በመስኮቱ ጀርባ ስስ ነጭ ወረቀት ሲለጠፍ የኤልኢዲው ነጥብ አይታይም። ጣሪያውም ሳይጣበቅ ተነሺ ሆኖ ይቀመጥ፤ የተቃጠለ ኤልኢዲ ለመቀየር ሕንፃውን ማፍረስ አያስፈልግም።