የጡንቻን ክሮች አሰላለፍ ከበግ እግር ላይ ለይቶ ማወቅ

የአንድን ጡንቻ ጉልበትና የእንቅስቃሴውን ስፋት የሚወስነው ግዝፈቱ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያሉት የክር እስሮች ከጅማቱ አንጻር የተሰለፉበት አቅጣጫ ጭምር ነው። ይህን ለመመልከት ከደብረ ብርሃን ገበያ የተገዛ የመንዝ በግ የኋላ እግር ከመማሪያ ሥዕል ይሻላል፤ ሥዕል ክሮቹን ከእውነታው በላይ አስተካክሎ ያሳያልና።

በመጀመሪያ ሁለት ጡንቻዎችን ይለዩ፤ አንዱ በጭኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተዘረጋው ስስና ሰፊው ሲሆን፣ ሌላው ከቅልጥሙ በስተኋላ ወደ ቋንጃው ጅማት የሚወርደው ነው። ነጩን ሽፋን በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብለው ሲገፉት፣ የጭኑ እስሮች ከጡንቻው ቁመት ጋር ትይዩ ሆነው ሲጓዙ ያያሉ። እንዲህ ያለው ጡንቻ ክሩ ረጅም ስለሆነ ሲኮማተር ብዙ ያጥራል፤ እግሩንም ርቆ ያንቀሳቅሳል።

የቅልጥሙን ጡንቻ ግን በቁመቱ ሰንጥቀው ይመልከቱ። ጅማቱ ወደ ሥጋው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ አጫጭር ክሮችም እንደ ላባ በሰያፍ ይያያዙበታል። ማዘንበሉ ኃይል ያባክናል ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ኪሳራው አነስተኛ ነው። በ20 ዲግሪ ካዘነበለ ክር ኃይል 94 በመቶ ያህሉ በጅማቱ አቅጣጫ ያልፋል፤ በምላሹ በዚያው መጠን ባለው ሥጋ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሳቡ ክሮች እጅግ ይበዛሉ፣ የጡንቻም ኃይል በዋናነት የሚመነጨው ከእነዚህ ብዛት ነው። የጣርማበርን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ ሰውነቱን ወደ ላይ ሲገፋ በዚህ ዓይነት የባት ጡንቻም ይጠቀማል። በሰው ደረት ላይ እስሮቹ ከሰፊ መነሻ ወደ አንድ ጅማት ይሰበሰባሉ፤ በአፍና በዓይን ዙሪያ ደግሞ ክብ ይሠራሉ።

የማዘንበያውን ማዕዘን በፕሮትራክተር የሚለኩት ሥጋው ጥሬ ሳለ ነው፤ ሙቀት ክሮቹን ያሳጥራቸዋልና። ከዚያ በኋላ ይቀቅሉት። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ እስሮቹን ያያያዘው ሽፋን እስኪላላ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። በመጨረሻም አንድ እስር ሳይበጠስ መዝዘው ርዝመቱን ለተቀቀለው ጡንቻ ቁመት ያካፍሉ፤ ውጤቱ ወደ 1 ከቀረበ አሰላለፉ ትይዩ ነው፣ ከግማሽ በእጅጉ ካነሰ ደግሞ ሰያፍ ነው።