መኪናዎ ከቆመበት መነሳት ሲከብደው

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ተራዎ ደርሶ ነዳጅ ሲሰጡት መኪናው ወዲያው ካልተነሳ፣ ከጎን የሚመጣው ገልባጭ አይጠብቅዎትም። ስለዚህ ይሄ ችግር "ቆይ ሲብስ አሳየዋለሁ" የሚባል አይደለም።

የሚያሳዝነው ግን ብዙ ሰው ሳያስመረምር ዕቃ ይገዛል። አንዱ "የነዳጅ ፖምፓው ነው" ይለዋል፣ ሌላው "ፍሪሲዮኑ አልቋል" ይለዋል። ሁለቱንም ያስቀይራል፣ መኪናው እንደነበረው ነው። ብር ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮሃል ወይስ ይታፈናል?

ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም

ጉልበቱ አለ፣ ጎማ ጋ ግን እየደረሰ አይደለም። ማኑዋል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮን ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ የእግር ፍሬኑንም ይርገጡ። 3ኛ ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል ማለት ነው። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ወይ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፣ ወይ ዘይት ነክቶታል። አይደጋግሙት፤ ሙከራው ራሱ ሸራ ያቃጥላል።

ኦቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ያሳዩ። ከጎደለ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ መነሻው እሱ ነው። ሲቪቲ ካምቢዮ (ማርሽ ሳይቀያይር ፍጥነቱን የሚያስተካክል የኦቶማቲክ ዓይነት) ያለው መኪና ውስጥ ተራ የኦቶማቲክ ዘይት እንዳይጨምሩብዎት አደራ። ካምቢዮውን ያበላሸዋል።

ሞተሩ ይታፈናል

እዚህ ጋ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ደግሞ ይብሳል። አምስት ሰው የጫነች ትንሽ መኪና እዚያ ዳገት ላይ ብትከብድ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚሆነው ድሮ በቀላሉ ትወጣው የነበረውን ዳገት አሁን ካቃታት ነው።

አየሩ ስስ ስለሆነም የአየር ፊልትሮው ሲዘጋ ቶሎ ይታወቃል። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ወይም አስፋልት ባልደረሰባቸው ሰፈሮች የሚነዳ መኪና ደግሞ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚውለው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ኪሎ ሜትር አይጠብቁ። ኮፈኑን ከፍተው የፊልትሮውን ሳጥን ያላቁ፤ ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ ያዙት። በወረቀቱ እጥፋቶች መሃል ብርሃን ካላለፈ ይቀየር። በኮምፕረሰር ማስነፋት ለጊዜው ነው፤ ቢያስነፉም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይሁን። ከውጭ ከተነፋ አቧራው ጭራሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ከተቀደደ ደግሞ አቧራው ቀጥታ ሞተር ውስጥ ነው የሚሄደው። ከፊልትሮው ቀጥሎ የአየር መለኪያ ሴንሰር አለ። እሱ ለራሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል። በጨርቅም በጣትም አይነካም።

እየተንገጫገጨ የሚነሳ ከሆነ ወደ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) እና ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ካንዴላ የየራሱ ቦቢና ያለው መኪና ከሆነ አራቱንም አይግዙ። የጋራዡ መመርመሪያ ኮምፒውተር "2ኛው ሲሊንደር አይተኩስም" ካለ፣ የ2ኛውን ቦቢና ከ3ኛው ጋር ያቀያይሩ። ችግሩ ወደ 3ኛው ከዞረ ጥፋተኛው ያ ቦቢና ብቻ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መኪናውን አያስጨንቁት። ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን የጭስ ማውጫውን ካታሊቲክ (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ያቃጥላል። እሱ ከተዘጋ ደግሞ ሞተሩ መተንፈሻ አጥቶ ጭራሽ ይታፈናል።

ችግሩ የጀመረው ከጀሪካን በተቀዳ ቤንዚን ማግስት ከሆነ ውሃ ወይም ቆሻሻ ይጠርጥሩ። የነዳጅ ፊልትሮ ይታይ። ፖምፓ የሚቀየረው ግፊቱ በጌጅ ተለክቶ ካነሰ ብቻ ነው።

ሞተሩ ደህና ነው፣ መኪናው ግን የተያዘ ይመስላል

ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክረምት ላይ ጭቃ ሲመታው የከረመ ፍሬን፣ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ የፍሬኑ ሸራ ሳይለቅ ይቀራል። መለስተኛ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አድርገው ፍሬኑን ትንሽ ላላ ያድርጉ። በራሱ ካልተንከባለለ ተይዟል። ከዚያ ትንሽ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አይንኩት። ከሌሎቹ በጣም የሚፋጀው ጋ ነው ችግሩ። ፒኑ ተጠርጎ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀባል፤ ሸራውን የሚገፋው የፍሬን ፒስተን ከደረቀ ጎሚኒው ይቀየራል። የጎማ ንፋስም ይታይ። ልኩ ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተለጥፏል።

ቱርቦ ያለው ናፍጣ መኪና ሲነሳ ጥቁር ጭስ ከለቀቀና የፉጨት ድምፅ ካሰማ፣ ቱርቦው ተበላሸ ከማለት በፊት የአየር ቱቦዎቹን ያሳዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ሲሄዱ "ጉልበት የለውም" ብቻ አይበሉ። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ሜዳ ላይም ነው ዳገት ላይ ብቻ? ኤሲ ሲጠፋ ይሻለዋል? መብራት በርቷል? እነዚህን ለመካኒኩ ይንገሩት፤ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።