ዋይፋዩ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ አይፎን

ምልክቱ እንዲህ ነው። «ሴቲንግስ» ገብተው የዋይፋዩን ማብሪያ ይነኩታል፤ ለቅጽበት አረንጓዴ ይሆንና ጣትዎን ሳያርቁ ተመልሶ ይጠፋል። በአይፎኖች መካከል ፋይል የሚያስተላልፈው ኤርድሮፕም አይሠራም። ስልኩን አጥፍተው ቢያበሩት ያው ነው። በሞባይል ዳታ ግን ኢንተርኔቱ ደህና ነው፤ አጠገብዎ ያለው የአንድሮይድ ስልክም ከዚያው ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ያለ ችግር ይሠራል።

የአክስቴ ልጅ አይፎን 7 እንዲህ ሲሆንባት የወሰደችበት ጠጋኝ «የዋይፋይ አይሲው (ዋይፋዩን የሚያሠራው ቺፕ) ተቃጥሏል፣ ይከፈት» አላት። አይሲ ሲበላሽም ዋይፋይ እምቢ ስለሚል ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ግን ከዋይፋዩ ስም የሚመጣ ተመሳሳይ ችግርም አለ፤ ሁለቱን ስልኩ ሳይከፈት መለየት ይቻላል። ማብሪያው ደብዝዞ ግራጫ ከሆነና ጭራሽ አልነካም ካለ፣ በተለይ ስልኩ ወድቆ ወይም ውኃ ነክቶት ከሆነ፣ ወደ ጠጋኝ ይሂዱ። በርቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ አይኦኤስ የሚባለው የአይፎኑ ሥርዓትም ከ14.7 በፊት የነበረ ከሆነ፣ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ስልኩ መጨረሻ የተገናኘበትን ዋይፋይ ስም ይመልከቱ። በስሙ ውስጥ የመቶኛ ምልክት (%) የላቲን ፊደል አስከትሎ ተቀምጧል?

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ካርል ሹ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ የራሱን ዋይፋይ ከመቶኛ ምልክቶችና ፒ፣ ኤስ፣ ኤን ከሚባሉት ፊደላት በተሠራ ስም ሰይሞ አይፎኑን አገናኘ። የስልኩ ዋይፋይ ያኔውኑ ተዘጋ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የመቶኛ ምልክትና ፊደል ሲገጥሙ ትእዛዝ ናቸው፦ «እዚህ ቦታ ይህን ዓይነት መረጃ አስገባ» እንደማለት። የአይፎኑ የዋይፋይ ፕሮግራም ስሙን እንደ ተራ ጽሑፍ መመዝገብ ሲገባው እንደ ትእዛዝ ተቀበለው። ደብዳቤ እንዲያነብ የተላከ መልእክተኛ «ተነሥተህ ውጣ» የሚል መስመር ሲደርስ አንብቦ ከማለፍ ይልቅ ራሱ ተነሥቶ ቢወጣ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ስልኩ እንደገና ያስነሣዋል፤ ስሙ ከሚታወቁት ዋይፋዮች ዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ስለሚጠብቀው ደግሞ ይወድቃል። የራውተሩን ስም ብቻ መቀየር የማይፈይደውም ለዚህ ነው፤ አሮጌው ስም ስልኩ ውስጥ ቀርቷል።

መፍትሄው ያንን ዝርዝር ማጽዳት ነው። «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ጄኔራል»፣ ቀጥሎ «ሪሴት»፣ በመጨረሻ «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ»። ከበላዩ ያለውን ሁሉንም የሚያጠፋውን ምርጫ እንዳይነኩ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፎቶና የስልክ ቁጥሮች አይነኩም፤ የሚጠፉት የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችና የቪፒኤን ቅንብሮች ናቸው። የሞባይል ዳታ ቅንብርን በእጅዎ አስገብተው ከነበረ አስቀድመው በወረቀት ይያዙት።

የአክስቴ ልጅ ስልክ በዚሁ ዳነ፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኘችውና እንደገና ጠፋ። ለካ የጎረቤት ልጅ ቪዲዮ ላይ ያየውን ስም ለቀልድ የሆትስፖቱ መጠሪያ አድርጎት ኖሯል፤ የይለፍ ቃሉንም በደግነት ሰጥቷታል። ስለዚህ መጀመሪያ የዋይፋዩ ስም ይቀየር፣ ቀጥሎ ስልኩ ይጽዳ።

ሹ ራሱ ትንሽ ቆይቶ የባሰ ስም አግኝቷል፤ በዚያኛው ኔትወርኩን ማጽዳት ላይበቃ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው አዲሱን አይኦኤስ ይጫኑበት።

ዋይፋዩ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን ማሻሻያውን አይዝለሉት። አፕል ቀዳዳውን የደፈነው በጁላይ 2021 በወጣው አይኦኤስ 14.7 ነው፤ ዜክኦፕስ የተባለ የደኅንነት ድርጅትም በዚያው ሰሞን ይኸው ስሕተት ከቀልድ አልፎ የአጥቂን ኮድ ስልኩ ላይ ለማስኬድ ሊያገለግል እንደሚችል አሳይቷል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ይልቅ ስሙን ከሚያውቁት ዋይፋይ ሥር ሆነው፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው ያውርዱት።