የኦንላይን ገበያ አክሲዮን ስትገዙ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ የነጋዴ ሒሳብ መዝገብ እሠራለሁ። ግብር ሊያሳውቅ የሚመጣ ሰው አሁን አሁን ወረቀቱን ካስረከበኝ በኋላ ቁጭ ብሎ ስለ አክሲዮን ይጠይቀኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር መሸጥ ከጀመረ፣ በጥር ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ጥያቄው በርትቷል። ሰው ገንዘቡን ሥራ ላይ ለማዋል ማሰቡ ደስ ይለኛል። የኦንላይን ንግድ ድርጅቶች ላይ ሲደርስ ግን ያው ስህተት ደጋግሞ ይመጣል።

ግብይቱን እንደ ገቢ መቁጠር

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ በምሥረታ ላይ ያለ የኦንላይን ገበያ በራሪ ወረቀት ይዘው መጡ። በትልልቁ የተጻፈው በመተግበሪያው ላይ የሚደረገው የግብይት መጠን ነው፤ ሚሊዮን በሚሊዮን። "እስቲ እየው፣ ይኼ ሁሉ ገንዘብ የሚገባበት ድርጅት እንዴት ይከስራል?" አሉኝ።

"አያ፣ በርበሬዎን ያሻሻጠው ደላላ የበርበሬው ዋጋ ሁሉ የእሱ ነው?"

"እንዴት ተደርጎ! የእሱማ ኮሚሽኑ ነው።"

አብዛኛው የኦንላይን ገበያም ደላላ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ያሻሽጣል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል። አብረን ወረቀት ላይ አሰላን። 1,000 ብር የሚሸጥ ጫማ አለ እንበል፤ የድርጅቱ ድርሻ አሥር በመቶ ቢሆን 100 ብር ያገኛል። ገዢ ለመሳብ 50 ብር ቅናሽ ሰጠ። ለአድራሹ ሞተረኛ 80 ብር ከፈለ። ገና የቢሮ ኪራይና ደመወዝ ሳይነካ 30 ብር ከስሯል። ገዢው በር ላይ "ቁጥሩ አልሆነኝም" ብሎ ከመለሰው ደግሞ ኮሚሽኑም የለም፣ የሞተረኛው መመለሻም አለ። ሲደርሰኝ እከፍላለሁ በሚባልበት አገር እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ትዕዛዙ እጥፍ ሲሆንለት ኪሳራውም እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ አክሲዮን ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ቅናሹ፣ ማድረሻውና ተመላሹ ከተቀነሰ በኋላ ከአንድ ትዕዛዝ ምን ይተርፋል? ጥያቄውን ትቶ ስለ ደንበኛ ብዛት ማውራት ከጀመረ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኒያ ነጋዴ ይህንኑ ጠይቀው መልስ አላገኙም፤ አልገዙም።

"አማዞንም መጀመሪያ ይከስር ነበር"

እውነት ነው፤ አማዞን የመጀመሪያውን ዓመታዊ ትርፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮኑ በ2001 ከ6 ዶላር በታች ወርዷል። ያን ጊዜ ስንቱ ደንግጦ ሸጠ? በዚያው ዘመን የቤት እንስሳት ዕቃ በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረው ፔትስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ለሕዝብ አክሲዮን ሸጦ፣ በኅዳር መዘጋቱን አስታወቀ። ከአማዞን ጋር የከሰሩት ብዙዎቹ ተመልሰው አልተነሡም። በዚያ ላይ የዛሬው አማዞን ከሥራው የሚያገኘው ትርፍ አብዛኛው የሚመጣው ለሌሎች ድርጅቶች የኮምፒውተር አገልግሎት ከማከራየት ነው። የእኛንም ብናይ፣ የኢትዮ ቴሌኮምን የኦንላይን ገበያ ዘመን ገበያን ወድዶ የድርጅቱን አክሲዮን የገዛ ሰው በዋናነት የገዛው የስልክና የኢንተርኔት ድርጅት ነው። መግዛቱ ላይ ክፋት የለውም፤ የገዛውን ይወቅ።

ዋጋው ሲወጣ ተከትሎ መሮጥ

የአፍሪካው የኦንላይን ገበያ ጁሚያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ኒው ዮርክ ገበያ የገባው በ14.50 ዶላር ነው። በቀናት ውስጥ ከ40 ዶላር አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላው ከ3 ዶላር በታች ወረደ፤ በ2021 መጀመሪያ ከ60 ዶላር በላይ ወጣ፤ መልሶም ወደቀ። ድርጅቱ በዚህ ሁሉ መካከል ይከስር ነበር። የሚከስር ድርጅት ደግሞ ገንዘብ ሲያጥረው አዲስ አክሲዮን ይሸጣል፤ ጁሚያም በ2024 ይህንኑ አድርጓል። ያን ጊዜ አዲሱን ካልገዛችሁ የእናንተ ድርሻ ይሳሳል።

የባንክ ዓይነት የትርፍ ድርሻ መጠበቅ

በየዓመቱ ከባንክ የትርፍ ድርሻ መቀበል የለመደ ሰው እዚህ ይከፋዋል። አማዞን እስካሁን የትርፍ ድርሻ ከፍሎ አያውቅም።

የታወቀ ስም ያለበትን መተግበሪያ ማመን

"በየቀኑ ትዕዛዝ እየተጫናችሁ ኮሚሽን ውሰዱ" የሚለው የቴሌግራም ጉድ አክሲዮን አይደለም። የትልቅ ድርጅት አርማ ለጥፎ መጀመሪያ ጥቂት መቶ ብር ያወጣላችኋል፣ ከዚያ ብዙ ታስገባላችሁ፣ ልታወጡ ስትሉ "ግብር አስቀድማችሁ ክፈሉ" ይላል። አንዲት መምህርት ይህን "ግብር" ከፍለው ደረሰኝ እንድሠራላቸው መጥተዋል፤ ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለትም ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ ለገዢ የሚገልጸውን ሰነድ፣ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብና ማስጸደቅ አለበት። ብር ከመላካችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

በአሜሪካ ባለው ዘመድ ስም መግዛት

እዚህ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ገንዘብ አሻግሮ የውጭ አክሲዮን መግዛት አይችልም። ስለዚህ "የወንድሜ ልጅ ይገዛልኛል" ይባላል። አክሲዮኑ በሕግ የልጁ ነው። ቢፋታ፣ ቢከሰስ፣ አያድርስና ቢሞት ምን ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ?

ቀን የተቆረጠለትን ገንዘብ ማስገባት

የማዳበሪያ ገንዘብ፣ የዕቁብ ዕጣ ቀጣይ ክፍያ፣ የልጅ የዩኒቨርሲቲ ወጪ አክሲዮን ውስጥ አይግባ። በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት ድርሻ በፈለጋችሁት ቀን ገዢ አያገኝም፤ ገበያ ላይ የተመዘገበውም ቢሆን ሰኔ ሲመጣ ዋጋው ወርዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ቢያንስ አምስት ዓመት ሳትነኩት የምትቆዩትን ብቻ ለዩና በዚያው መጠን ጀምሩ።