ክፍልፋይን ከሲሶና ከሩብ ጀምሮ ማስተማር

ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብለው ይጻፉና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችዎን መልሱን ይጠይቁ። ከብዙ ደብተር ላይ 2/5 ይገኛል፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል። ለማረም አይቸኩሉ። «ከ10 እንቁላል ግማሹ ስንት ነው?» 5። «ሁለት አምስተኛውስ?» 4። ግማሽ ላይ ጨምረን ከግማሽ አነስን ማለት ነው! ክፍሉ ሲንጫጫ ትምህርቱ ተጀመረ።

መጀመሪያ ከሚያውቁት ቃል ይነሱ። «ሩብ ጉዳይ» የሚል ልጅ የሰዓት ሩብ 15 ደቂቃ መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። ሲሶ ግን ለከተማ ልጅ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የእርሻ ምርት ሲካፈሉ የኖሩ አያቶች ያውቁታልና ቤት ጠይቀው ይምጡ። በማግስቱ የሰዓት ሲሶ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ቀጥሎ ወረቀት ነው። ከባለካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ወርዱ 1፣ ርዝመቱ 12 ካሬ የሆነ ቁራጭ ይቁረጥ። ቁራጩ በሙሉ «አንድ» ነው። ግማሹ 6 ካሬ፣ ሲሶው 4 ካሬ፣ ድምሩ 10/12። ካሬዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ሲቆጥሩ 5/6 ይታያቸዋል። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም ይፍጅ። ከዚያ «አምስተኛውን አሳዩኝ» ይበሉ። ካሬ ሳይቀደድ አይሆንም። ሳይቀደድ እኩል የሚከፍሉት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ብቻ ናቸው፤ የ12 አካፋዮች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ባለ 7 ካሬ ቁራጭ ሲሰጧቸው ደግሞ ከ1 እና ከ7 ሌላ አካፋይ ያጣሉ። ብቸኛ ቁጥር የሚለውን ስም የሚሰጡት አሁን ነው፤ ትርጉሙን አስቀድሞ ማስጻፍ ትርፉ ሽምደዳ ነው። አንዱ «1ስ?» ማለቱ አይቀርም። ብቸኛ ቁጥር ሁለት አካፋዮች አሉት፤ 1 ያለው አንድ ብቻ ነው።

ወደ 1/4 + 1/6 ይለፉ። የ4 ብዜቶች 4፣ 8፣ 12 ይላሉ፤ የ6 ደግሞ 6፣ 12። መጀመሪያ የተገናኙበት 12 ትንሹ የጋራ ብዜት ነው፤ ድምሩም 5/12። 4ን በ6 አባዝቶ 10/24 ያመጣውን ተማሪ ተሳስተሃል አይበሉት። ላዕሉንም ታህቱንም በትልቁ የጋራ አካፋይ፣ በ2፣ ሲያካፍል እዚያው ይደርሳል።

የቀሪ ትምህርት ሲደርስ የዘመን መቁጠሪያውን ያውጡ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ የማቴዎስ፣ 2 ከሆነ የማርቆስ፣ 3 ከሆነ የሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ የዮሐንስ። 2015 ለ4 ሲካፈል 503 ደርሶ 3 ይቀራል፤ የሉቃስ ዘመን ነበርና ጳጉሜ 6 ቀን ሆናለች። እያንዳንዱ የተወለደበትን ዓመት ያስላ። ፈጥነው ለጨረሱት አንድ ጥያቄ ያክሉ፦ 15 ብቻውን ለ4 ቢካፈልም ቀሪው ያው 3 ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ማየት ለምን በቃ? ፍንጭ ከፈለጉ 100ን ለ4 እንዲያካፍሉ ይንገሯቸው።