አሸናፊነት ሲደጋገም የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ጓደኛዬ አምስት የኳስ ውርርድ ትኬት በተከታታይ አሸነፈ። ስድስተኛውን ሲቆርጥ አጠገቡ ነበርኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ያሸነፉትን በሙሉ መልሶ ማስያዝ ነው። እሱ በ100 ብር ጀመረ። የእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ፣ ማለትም ሲያሸንፉ ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ 1.80 ነበር። 100ው 180 ሆነ፣ ቀጥሎ 324፣ በአምስተኛው 1,890 ብር ገደማ ደረሰ። ሁሉንም ስድስተኛው ላይ ጫነው፤ ተበላ። አምስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ለታክሲ ከእኔ ተበደረ። በየጊዜው 100 ብር ብቻ ቢያስይዝ ኖሮ ተሸንፎም 300 ብር ይተርፈው ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው «የአወራራጆቹ ብር ነው» አለኝ። አይደለም! እጃችሁ ከገባ የእናንተ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ጤፍ የሚገዛው ያው ብር ነው።

ሁለተኛው «ዛሬ ቀኔ ነው» ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የኦንላይን ተወራራጆችን መዝገብ አይተው ነበር። ደጋግሞ ያሸነፈ ሰው ቀጣዩንም የማሸነፍ ዕድሉ በእርግጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ግን የቀን መቅናት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ዕድላቸው እንዳይገለበጥ ፈርተው ዝቅተኛ ኦድ ያለውን፣ የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ የሆነውን ጨዋታ ስለሚመርጡ ነው። የተሸነፉት ደግሞ ለማካካስ ትልልቅ ኦድ ያሳድዱና መሸነፉን ያራዝሙታል። ይህን ሳነብ ብዙ የማውቃቸው ልጆች ፊት መጣብኝ።

የቡድን የአሸናፊነት ጉዞ ማሳደድም አለ። ሊቨርፑል 18 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ በ44 ሳይሸነፍ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረው ዋትፎርድ ሜዳ ሄደ። 3 ለ 0 ተሸነፈ። አወራራጁ ቤትም ኳስ ያያል፤ ኦዱ ቀድሞ የሚወርደው ለዚህ ነው።

አንድ ትኬት ላይ ብዙ ጨዋታ መደርደር ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ያስፈራል። አሥር ቡድን መረጣችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ የማሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ይሁን። አሥሩም አብረው የሚሳኩት ከ100 ትኬት በ11ዱ ገደማ ብቻ ነው። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የምንለው ብዙ ጊዜ የሚጠበቅ ነገር ነው።

የመጨረሻው ያሸነፉትን ብቻ ማስታወስ ነው። ጓደኛዬ ስልኩ ውስጥ ያሸነፈባቸውን ትኬቶች ፎቶ ያስቀምጣል። የተበላባቸውን እዚያው ጨምድዶ ይጥላቸዋል። ደብተር ገዛሁለትና የገባውንም የወጣውንም እንዲጽፍ ለመንኩት። ወሩ ሲያልቅ ቁጭ ብለን ደመርነው። ምንም አልተናገረም። እስክሪብቶውን ተቀበለኝና እንደገና ደመረው።