ሉንደሁንድ ለያዘ ሰው፦ ጮማውን አርቁ

ሉንደሁንድ የሚባለው የኖርዌይ ውሻ ሊመጣላችሁ ከሆነ ከሁሉ በፊት ስለ ሆዱ እንነጋገር። የእኔዋን ወንድሜ ነው ከኖርዌይ ይዟት የመጣው። ስሟ ኮከብ ይባላል። ደብረ ብርሃን እንደገባች ሰፈርተኛው ጣቷን ሊቆጥር ግቢያችንን ሞላው። በእያንዳንዱ እግር ቢያንስ ስድስት ናቸው።

እነዚህ ውሾች ሎፎተን በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ በተለይ ቬሮይ ላይ፣ ፐፊን የተባለውን የባሕር ወፍ ከገደል ስንጥቅ ጎትተው ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ትርፍ ጣታቸው ድንጋይ ይቆነጥጣል። አንገታቸው ወደ ኋላ ተቀልብሶ ጀርባቸውን ይነካል። ጆሯቸውንም አጥፈው ይዘጋሉ። ክብደታቸው 6 ወይም 7 ኪሎ ቢሆን ነው። አንኮበር ገደል ላይ ብትወስዷቸው ደስታቸው ነው፤ ያለ ማሰሪያ ግን እንዳትሞክሩት።

ችግሩ አንጀታቸው ላይ ነው። ዲስቴምፐር የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ኋላም በፈረንጆቹ 1960ዎቹ፣ ዘራቸውን ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። የዛሬዎቹ ሁሉ ከተረፉት ጥቂቶች የተወለዱ ስለሆኑ ዝምድናቸው በጣም የተቀራረበ ነው። ብዙዎቹ ፕሮቲን በአንጀታቸው እየፈሰሰ የሚያልቅበት ሕመም አለባቸው። ስብ ደግሞ ያባብሰዋል።

እኛ አገር ለውሻ ፍቅር የሚገለጸው በሞራና በትርፍራፊ ነው። በተለይ የፋሲካ ዕለት! ጎረቤቶቼ በአጥር ጮማ ሲወረውሩላት መለመን ሆነ ሥራዬ። የጾም ወጥም መፍትሔ አይደለም። ዘይት አለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለማንኛውም ውሻ መርዝ ናቸው። ኮከብ የምትበላው ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ፈረሰኛ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ተቀቅሎ፣ ከሩዝ ጋር ነው። ከአሬራ የወጣ አይብም ትንሽ ትንሽ እሰጣታለሁ፤ ቅቤው ወጥቶለታላ። በአንዴ አላጠግባትም፣ ቀኑን ከፋፍዬ ነው። ለዘለቄታው ግን ምጥኑን ሐኪም ይወስንላችሁ፤ ሩዝና ዶሮ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም።

ተቅማጥ ከተመላለሰባት፣ ከከሳች፣ ወይም ሆዷና እግሯ ካበጠ አትጠብቁ። ለእንስሳት ሐኪሙ ዘሯን ንገሩትና ደሟ ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን እንዲለካ ጠይቁ። ተራ የሆድ ትል ነው ተብሎ ጊዜ እንዳይባክን።

ጥፍር ቶሎ ቶሎ ቁረጡ። ትርፍ ጣቶቹ መሬት በደንብ ስለማይነኩ ጥፍራቸው አያልቅም፤ ተጠቅልሎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ጫፉን ብቻ፣ ደም ስሩን ሳትነኩ።

ብርዱ አያሳስባችሁ። ፀጉራቸው ድርብ ነው፣ የኅዳርን ውርጭ ከእኔ በላይ ትችለዋለች። የእብድ ውሻና የዲስቴምፐር ክትባት ግን አይለፋት። ሲመሽም ወደ ቤት አስገቧት፤ ይህን የምታክል ውሻ ለጅብ አንድ ጉርሻ ናት።